ኢሜይላችሁ አልተጠለፈም

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የተነሣ ወሬ ሰሞኑን ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከረመ። አንዲት ሠራተኛ ስለ ብድር ለአንድ ባልደረባዋ ብቻ የጻፈችው መልስ ለመላው ሠራተኛ ደረሰ። ወዲያው «ኢሜይላችን ተጠልፏል፤ የይለፍ ቃል ቀይሩ» ተባለ። ማንም አልጠለፈውም! የይለፍ ቃል መቀየርም ምንም አይፈይድም። ጥፋቱ ያለው የቡድን ኢሜይሉ፣ ማለትም የደረሰውን ደብዳቤ ለአባላቱ ሁሉ የሚያሰራጨው አድራሻ፣ አደረጃጀት ላይ ነው።

ኢሜይል ከሰርቨር ሰርቨር እንዴት እንደሚጓዝ አላትትም። የሚያስፈልገን «ሪፕላይ ቱ» የምትባለው መስመር ብቻ ናት። አንዳንዶች «የላኪ አድራሻ» ይሏታል፤ ያ ሌላ መስመር ስለሆነ እኔ «የመልስ አድራሻ» እላታለሁ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስቡ፤ ከላይ ላኪው፣ ከግርጌ «ግልባጭ» አለ። ጸሐፊው «መልሱን በዚህ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ላኩልኝ» ካለ፣ የመልስ አድራሻ ማለት ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። መስመሯ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው አርኤፍሲ 822 የኢሜይል ደንብ ውስጥ ነበረች፤ የ2008ቱ አርኤፍሲ 5322ም መልሱ ወዴት ይሂድ የሚለውን ለጸሐፊው ይተዋል። የቦሌው ቢሮ የቡድን ኢሜይል ግን የጸሐፊውን ትቶ የራሱን አድራሻ ይጽፍባታል። ሠራተኛዋ «መልስ» የሚለውን ስትጫን ደብዳቤዋ ወደ ባልደረባዋ የሄደ መስሏታል፤ የሄደው ግን ወደ ሁሉም ነው።

የዕድር ጥሩምባ ነፊ ሞት ሲለፍፍ ለቅሶ የምንደርሰው ኀዘንተኛው ቤት ነው። «ለኀዘንተኛው ብር ላበድረው እችላለሁ» ብላችሁ ለነፊው ሹክ ብትሉት፣ እሱም ያንኑ በየደጁ ቢለፍፈው ምን ይባላል? መልስን ሁሉ ወደ ራሱ የሚስብ የቡድን ኢሜይል እንዲህ ያለ ነፊ ነው።

መልስ በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል፤ የስሕተቶቹ ክብደት ግን እኩል አይደለም። ለቡድኑ ሊደርስ የሚገባው መልስ ለአንድ ሰው ብቻ ቢሄድ እንደገና ይላካል። ለአንድ ሰው የታሰበው ለሁሉም ከወጣ ግን የሚሰበስበው የለም። በዚያ ላይ «ዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ» የሚለው አውቶማቲክ መልስ አለ፤ በደንብ ካልተሠራ እሱም ወደ ቡድኑ ይገባል፣ ቡድኑ ለሁሉም ያሰራጨዋል፣ ፈቃድ ላይ ያለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ለዚያም ይመልሳል።

እዚህ ላይ ግን በሙያችን ውስጥ ክርክር አለ፤ አልሸሽገውም። አምስት ሰዎች አንድ ሥራ የሚመካከሩበት ቡድን ከሆነ መልሱ ለሁሉም ቢሄድ ይጠቅማል የሚሉ ባልደረቦቼ አሉ፤ አባላቱ አስቀድመው እስካወቁ ድረስ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ደግሞ ያሁ ዲማርክ የተባለውን የላኪ ማረጋገጫ ሲያጠብቅ፣ በቡድን በኩል ያለፉ የአባላት ደብዳቤዎች ተቀባይ ሰርቨሮች ላይ ይጣሉ ጀመር። ስለዚህ ብዙ የቡድን ኢሜይል አሰራጮች በላኪው መስመር ላይ የራሳቸውን አድራሻ ለመጻፍ ተገደዱ። ይህ ግን ለእኔ አቋም ተጨማሪ ማስረጃ ነው፤ የላኪው መስመር ከተወሰደ፣ ለጸሐፊው እውነተኛ አድራሻ የቀረችው ቦታ የመልስ አድራሻ ናት።

የቢሯችሁን ቡድን ኢሜይል የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ዛሬውኑ ማስተካከያውን ከፍታችሁ መልስ ለጸሐፊው እንዲሄድ አድርጉ። እስከዚያው ሌሎቻችሁ ከመላካችሁ በፊት «ለ» የሚለውን መስመር አንብቡ።