የቡና አበባ ሰሞን፤ በአንድ የጅማ ጓሮ

(ድምፅ፦ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ። ቀስ እያለ ያባራል። ከሩቅ የሱብሂ አዛን። ከዚያ ወፎች።)

ተራኪ፦ ሌሊቱን ዘንቧል። ለወራት አቧራ ሲያስነሳ የከረመው የጅማ አፈር ዛሬ ጫማ ላይ ይጣበቃል። ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ በአጋሮ መንገድ ከከተማው ወጣ ባለ አንድ ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጠናል። በርጩማው የጅማ ነው፤ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ። ሰዓቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት። የዛሬው ፕሮግራማችን ከዚህ ጓሮ ብዙም አይርቅም።

ፀደይ ሲባል ሁላችንም መስከረምን እናስባለን፤ አደይ አበባ፣ ችቦ፣ እንቁጣጣሽ። እኛም በማይክሮፎን ፊት ስንቀመጥ በየዓመቱ የምንለው ይኸንኑ ነው። የጥንቶቹ ዘመን ቆጣሪዎች ግን አይስማሙም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 በኋላ ያለው ወቅት መፀው ነው፤ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። የጅማ ቡና ለሊቃውንቱ ይመሰክርላቸዋል። እንዲያውም ጥቂት ሳምንት ይቀድማቸዋል።

የቡና እምቡጥ በጋውን ሙሉ በቅርንጫፉ አንጓ ላይ ተኮማትሮ ይቆያል። የሩዝ ፍሬ የሚያክል አረንጓዴ ነገር ስለሆነ ያላወቀ ሰው አያየውም። ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ውኃ ነው። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ አንድ ደህና ዝናብ ከጣለ፣ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ አንድ ጠዋት በር ሲከፈት ጓሮው ነጭ ሆኖ ይገኛል። ሽታው የጠምበለል ነው፤ መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ይጠወልግና ይረግፋል። ፍሬው እስኪቀላ ደግሞ ሰባት ስምንት ወር መጠበቅ ነው። ዝናቡ አንዴ መጥቶ ከቀረ አበባው ይመክናል። በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ የዓመት ልብስም፣ የልጅ ደብተርም፣ የታሰበ ሠርግም ካለ በእነዚህ ጥቂት ቀናት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያም ሆኖ አበባው ሲፈነዳ ስለ ዋጋ የሚያወራ ሰው አልሰማንም። ሁሉም ያሸታል።

(ድምፅ፦ የንብ ጉምጉምታ፣ ቅርብ።)

የግቢው ባለቤት ስማቸው እንዲነገር አልፈለጉም። ሰፈሩ «እማማ» ይላቸዋል፤ እኛም እንዲሁ እንላቸዋለን። «አካም ቡልተኒ» ብለው ተቀበሉን። ወሩ ረመዳን ነው። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ከቡናው አበባ ጋር እየተገጣጠሙ፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ማድ ቤት በዚህ ሰሞን ቀን ቀን ጸጥ ይላል። እማማ ግን እንግዳ ያለ ቁርስ መቀመጡ አልዋጥላቸው ብሎ ሁለት ጊዜ ተነሡ፤ ሁለት ጊዜ ለመንናቸው። ሦስተኛውን ሲነሡ የልጅ ልጃቸው ገላገለን።

«ጾሙ ለሰው ነው» አሉን ወደ ላይ እያመለከቱ። «እነሱ እንደሆነ ይኸው፣ ከማለዳ ጀምረው ይበላሉ።»

ወደ ላይ ስናይ ጓሮው ፎቅ ቤት ነው። የላይኛው ፎቅ ዋንዛና ሰሳ፤ ቅጠላቸው ተገናኝቶ ፀሐዩን ያጠልለዋል። ከእነሱ ሥር ቡናው። ከቡናው ሥር ጎደሬና ኮረሪማ። ዳር ዳሩን እንሰትና ሙዝ፤ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ጤና አዳምና በሶብላ። ይህን አደራደር ማንም አትክልተኛ አልነደፈውም። ዐረቢካ ቡና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ልጅ ስለሆነ፣ ያደገበትን ጥላ ካላገኘ አይመቸውም። የአካባቢው ሰው ያደረገው ጫካውን አሳስቶ ከቤቱ ጀርባ ማቆየት ነው።

ወፎቹም ይህን ያወቁ ይመስላል። በ2007 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 2015 መሆኑ ነው፣ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተካፈሉበት አንድ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ቡናንና አጠገቡ ያለውን የተፈጥሮ ደን አነጻጽሮ ነበር። በቡናው ውስጥ የተገኙት የወፍ ዝርያዎች ቁጥር ከደኑ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። በደኑ ከተመዘገቡት ወፎች ደግሞ ከአንዱ በቀር ሁሉም በቡናው ውስጥም ታይተዋል። ይህን ሰምቶ «እንግዲያ ደኑ ምን ያደርጋል?» የሚል እንዳይኖር፣ ጥናቱ ሌላም ነገር አግኝቷል፦ ከደን ውጭ መኖር የማይሆንላቸው ወፎች ዛሬም በብዛት ያሉት እዚያው ደኑ ውስጥ ነው።

ከጓሮው ወፎች መካከል መልከ መልካሟ አረንጓዴዋ ናት። ጉንጯ ላይ ነጭ ነጥብ አላት፤ ቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ ወፍ ሳይሆን ሽኮኮ ትመስላለች። ከቅጠል አትለይም፤ ስትበር ግን ክንፏ ደም የነከረው ያህል ይቀላል። ቀለሙ መዳብ ያለበት እውነተኛ ቀይ ነው፤ በዓለም ላይ ከእሷ ቤተሰብ በቀር የሌላ ወፍ ላባ ይህን ቀለም አይሠራም። እሷንም ከኢትዮጵያና ከጎረቤት ድንበሮች ወጣ ብሎ የሚያገኛት የለም።

(ድምፅ፦ ከላይ ከባድ፣ ሻካራ ጩኸት። ከዚያ የክንፍ ድምፅ።)

ይህ የሰማችሁት ግን ሌላ ነው። አህያና ሕፃን አብረው ያለቀሱ የሚመስለው ድምፅ የወፍ ነው። ክንፉን ሲያማታ ደግሞ ሰው ደረቅ ሰሌን የሚያራግፍ ይመስላል። እርኩምን የምናውቀው መሬት ለመሬት ሲንጎራደድ ነው፤ ይህ የዛፍ ላይ ዘመዱ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት የሚመስል። በእማማ ጓሮ ካለው አሮጌ ዋንዛ ግንድ ላይ ከሰው ቁመት ሦስት እጥፍ ከፍ ብሎ አንድ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ተለስኗል። ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች።

«እማማ፣ ማን ለሰነው?»

«ባልየው ነዋ! ጭቃውን እየዋጠ ያመጣል፣ እሷ ከውስጥ ትለስናለች። ራሷን በራሷ አሠረች።»

የወፍ አጥኚዎችም የሚሉት ይኸንኑ ነው። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል ከነሕይወቷ ግንብ ውስጥ ትገባለች፤ እባብም ጦጣም እንዳይደርስባት። ጫጩቱ እስኪጠነክር ከሦስት ወር በላይ አትወጣም። ያን ሁሉ ጊዜ የምትበላው ባሏ በዚያች ስንጥቅ የሚያቀብላትን ነው። የሾላ ፍሬ በጉሮሮው ጭኖ ይመጣል፣ ግንዱ ላይ ይንጠለጠላል፣ አንድ በአንድ እያወጣ ያጎርሳል። እኛ በተቀመጥንበት አንድ ጠዋት አራት ጊዜ ተመላልሷል። በሦስተኛው ላይ አንዲት ፍሬ አምልጣው ወደቀች፤ አንገቱን አዘንብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት።

እማማ ከዘነዘናው ቀና ሳይሉ «አይወርድም፤ ኩራቱ አያስወርደውም» አሉ።

ረፋድ ላይ ጦጣ መጣ። የጦጣን ነገር ማሳመር አያስፈልግም፤ ሌባ ነው። አቮካዶውን አንድ አንድ ጊዜ ገምጦ ይጥላል፤ የአንዱን ዘለላ ሙዝ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ያልፋል። የእማማ የልጅ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ወጣ፤ ጦጣው ልጁን አየው፣ ሙዙን ላጠ። ጉሬዛ ግን እንዲህ አይደለም። ወደ ሰቃና ወደ ጌራ ሲወጣ ረጃጅም ዛፎች ላይ በነጭ ካባው ተጠቅልሎ፣ ሸንጎ እንደተቀመጠ ሽማግሌ ዝም ብሎ ቅጠል ያኝካል። አውራ ጣት የለውም፤ ልጁም ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። እማማ በልጅነታቸው እስከዚህ ግቢ ይመጣ እንደነበር ያስታውሳሉ። ዛሬ በዛፍ ላይ የሚያደርስ መንገድ የለውም።

ከአጥሩ ጥግ አንድ ጥያቄ ጠበቀን። አሥር አሥራ አምስት የቡና ችግኝ በአንድ ክምር ላይ ተጠጋግቶ በቅሏል። ማን ዘራው? የልጅ ልጅየው በሣቅ ፈነዳ፤ «ጥርኝ ነዋ፣ ጋሼ!» አለን።

ጥርኝ ሌሊት ይሄዳል፤ የቀላ ቡና ይወዳል፤ ፍሬውን ሳያደቅ ይውጠዋል። ሽንት ቤቱንም አይቀያይርም፤ ዕለት ዕለት እዚያው ቦታ ተመልሶ ይጸዳዳል። ጥጉ ችግኝ ጣቢያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በጅማ ታሪክ ውስጥ ግን ጥርኝ ከዚህ የከበደ ስም አለው። ከ1870 እስከ 1925 ዓ.ም. ጅማን ያስተዳደሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው ከጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያቸው ከሥሩ ሂርማታ ላይ ነበር። ከቡናው ጋር ለነጋዴ ይቀርብ ከነበረው አንዱ ዝባድ ነው፤ ከጥርኝ ዕጢ ተፍቆ በከብት ቀንድ የሚታሸግ፣ የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች በውድ የሚገዙት ቅባት። ለዚህ ሲባል ጥርኙ መዞሪያ በሌለው ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ፣ እሳት በማይጠፋበት ቤት ዕድሜውን ይገፋ ነበር፤ በየአሥር ቀኑ ገደማ ይፋቃል። ዛሬም ሙሉ በሙሉ የቀረ ሥራ አይደለም። ለኔ ለኔ፣ ጥርኝ በሌሊት መጥቶ ቡና ዘርቶ ሲሄድ ይበልጥብኛል።

እማማ ከእነዚያ ችግኞች ሁለት ሦስቱን በየዓመቱ ነቅለው ይተክላሉ። አጠገቡ ደግሞ ስሙ ቁጥር የሆነ ቡና አለ፤ 74110። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታይቶ ብዙ ማሳ ካጠፋ በኋላ፣ የጅማው የመልኮ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋም ቡና ሲፈልግ በአውሮፓውያኑ 1974 ከመቱ አካባቢ ያገኘው ነው። መንግሥት የሰጣቸው ቡናና ጥርኝ የሰጣቸው ቡና ጎን ለጎን አብበዋል። በሽታው? በእርሳቸው ፍርድ ቁጥሩ ጠንካራ ነው፤ የጥርኙ ይጥማል።

(ድምፅ፦ የመግሪብ አዛን። የሲኒ ኳኳታ። ቡና ሲቆላ።)

ከቴምሩና ከሾርባው በኋላ ቄጤማው ተጎዘጎዘ፤ ረከቦቱ ወጣ። ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ጢስና ከጓሮው የሚመጣው የአበባው ሽታ በር ላይ ተገናኙ። ያው አንድ ዛፍ ነው፤ ያምናው ፍሬው ምጣድ ላይ፣ የዘንድሮው አበባው ደጅ። አቦሉ ሲቀዳ የሌሊት ወፎች ከቆርቆሮው ሥር ወጡ። ቶናው ላይ ጎረቤት ገባ፣ ወሬው ስለ ስኳር ዋጋ ሆነ። በረካው ላይ ከወንዙ ማዶ ጅብ ጮኸ፤ ማንም ከንግግሩ አላቋረጠም።

ከአጥሩ ወዲያ ያለው ግቢ ባለፈው ዓመት እንደዚሁ ነበር፤ ዋንዛም ሰሳም ነበረው። አሁን ብሎኬት ተደርድሮበታል። ከመንገዱ ማዶ ቡናው ተነቅሎ ጫት ተተክሏል፤ ጫት ፀሐይ ስለሚወድ ጥላው አብሮ ወረደ። በሰዎቹ አልፈርድም። ቡና በዓመት አንዴ ነው፤ ጫት ቶሎ ቶሎ ይሸጣል፤ ልጅ የዳረ ሰው ደግሞ ቤት ይሠራል። ግን አንድ ነገር ሰማን። ከአጥሩ ወዲያ የነበረው ዋንዛ ሲወድቅ ግንዱ ላይ የተለሰነ ቀዳዳ እንደነበረው የነገሩን ቆራጮቹ ራሳቸው ናቸው። ወቅቱ መጋቢት ነበር።

ስለዚህ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ ሆናችሁ ይህን ፕሮግራም ለምትከታተሉ፦ ዘንድሮ ከጓሯችሁ አሮጌ ዛፍ ለመቁረጥ ካሰባችሁ መጋዙን ከማንሣታችሁ በፊት ግንዱን ዞር ብላችሁ እዩት። የተለሰነ ቀዳዳ ካለው ክረምቱ እስኪወጣ ታገሡ፤ ውስጡ ሰው የምትጠብቅ እናት አለች።