የዓሣ ኩሬ የሚከስረው በጫጩቱ ነው

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ሉማሜ አካባቢ ዓሣ አርብቶ ለመሸጥ የሚያስብ ባለገንዘብ ሒሳቡን የሚጀምረው ከመሬት፣ ከውሃና ከቁፋሮ ነው። በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ገበያው አያሳስበውም። ገንዘቡን የሚበላው ግን ኩሬው ሳይሆን ከእንቁላል የወጣው ጫጩት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው።

በዚህ በኩል ቆሮሶ ገር ነው። እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ራሳቸውን ሲችሉ የደቀቀ መኖ ይለቅማሉ። መኖው እንደ ዱቄት የላመና 40 ከመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው መሆን አለበት። ፉርሽካ ብቻውን አያሳድግም። በቀን አንዴ ዘርግፎ መሄድም አይሆንም፤ በጥቂት በጥቂቱ አራት ጊዜ ያህል ይሰጣል። የተረፈው በስብሶ ውሃውን ይመርዛል።

አምባዛ ከባድ ነው። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሦስት ቀን ገደማ ይዘውት የወጡት ስንቅ ያልቃል። ሆዳቸው ገና ስላልጠና ደረቅ መኖ አይፈጭላቸውም፤ ሕይወት ያለው ደቂቅ ምግብ ይሻሉ። በዓለም ለዚሁ የሚውለው አርቴሚያ የሚባል የጨው ውሃ ፍጥረት ነው። የደረቀ እንቁላሉ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል፤ ከታወቁት ምንጮቹ አንዱ አሜሪካ የሚገኘው ታላቁ የጨው ሐይቅ ነው። ለኢትዮጵያ አርቢ ይህ ማለት የውጭ ምንዛሪ ነው። የባሕር ፈረስ የተባለውን ዓሣ የሚያረቡ የእስያ ነጋዴዎች ችግርም ይኸው ነው፤ ወንዱ በከረጢቱ ተሸክሞ የሚወልዳቸው ጫጩቶች ጨጓራ ስለሌላቸው ሕያው ምግብ በየሰዓቱ ካላገኙ ያልቃሉ። አምባዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ፈጥኖ ያደገው የዘገየውን ይውጠዋል። በየጊዜው በመጠን እየለዩ ማኖር የጉልበት ወጪ ነው።

ሉማሜ ደጋ መሆኗ ሌላው እንቅፋት ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች እድገቱ ይጓተታል፣ ወደ 16 ሲወርድ መብላቱንም ይተዋል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ራስ ከማስፈልፈል ይልቅ የጠነከረ ጫጩት መግዛት ሳያዋጣ አይቀርም። የባሕር ዳርና የሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከላት ጫጩት አባዝተው ለአርቢዎች ሲያከፋፍሉ ቆይተዋል።

ገዢው ከዋጋው በፊት ክብደቱንና ጾታውን ይጠይቅ። ወንዱ ቆሮሶ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ከገቡ ኩሬው በዘር ይጨናነቃል። በዛልኝ ብሎ የተደሰተ አርቢ የጣት ያህል ዓሣ ይዞ ገበያ ይወጣል።

ጫጩት የሚጓዘው ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ከረጢት፣ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን መኖ ሳይቀምስ፣ ሌሊት ወይም ማለዳ ነው። ከረጢቱ እንደደረሰ አይገለበጥም። ሙቀቱ ከኩሬው ጋር እስኪስተካከል ድረስ ሳይፈታ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።