ትኩሳትም የምርት ወጪ ነው

የግብርና ምርታማነት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ማዳበሪያ ይዞራል። ስንት ኩንታል ገባ፣ መቼ ደረሰ፣ በስንት ብር ተሸጠ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ማዳበሪያውን የሚበትነው፣ አረሙን የሚነቅለውና አዝመራውን የሚያጭደው ሰው ጤንነቱ፣ ትምህርቱና የሚያገኘው ምክር ካልታሰበ ስሌቱ ጎዶሎ ነው።

የሰሊጥ አገር የሆነችውን መተማን እንመልከት። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ደርሶ ሳይታጨድ ከቆየ ፍሬው ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። አጨዳው በአብዛኛው በእጅ ስለሆነ በየዓመቱ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። ወባ የሚበረታውም ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በየካቲት አንድ ሳምንት የተኛ ገበሬ የቀረበትን ሥራ ኋላ ሊያካክሰው ይችላል። በአጨዳ ወቅት የተኛው ግን ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ምርት ዓይኑ እያየ ይረግፍበታል። አስታማሚም ከሥራ ስለምትቀር ከአንድ ቤት የሁለት ሰው ጉልበት ይጎድላል።

በዚያው አካባቢ ካላዛር የተባለ በሽታም አለ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ ዝንብ በዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥ ትራባለች፤ የቀን ሠራተኛው ደግሞ የሚያድረው እዚያው ማሣ ላይ ነው። ሕመሙ ወራት ቆይቶ ስለሚገለጥ ብዙ ጊዜ ሰውየው የሚወድቀው ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር፤ አጥኚዎች መነሻውን ከእነዚሁ ተመላላሽ ሠራተኞች ጋር ያያይዙታል። ገቢው ለሰሊጥ እርሻው፣ ሕመሙ ለደጋው ወረዳ ሆነ ማለት ነው። ይህን ወጪ በሰሊጡ ሒሳብ ላይ የሚያሰፍረው ሰው አላየሁም።

ትምህርት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ኢኮኖሚስቱ ቴዎዶር ሹልዝ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የአስተራረስ ዘዴው ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ሲተላለፍ የቆየ ገበሬ ያለውን ሀብት አሟጦ መጠቀም ያውቅበታል። ትምህርት ልዩነት የሚያመጣው አዲስ ዘር፣ አዲስ ማዳበሪያና የሚዋዥቅ ዋጋ ሲመጣ ነው፤ ያኔ ማንበብ፣ መመጠንና መምረጥ ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሎክሂድ፣ ጃሚሰንና ላው ከበርካታ አገሮች ያሰባሰቧቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አራት ዓመት የተማረ ገበሬ ካልተማረው በአማካይ 7.4 በመቶ ብልጫ ያለው ምርት ያገኛል፤ ልዩነቱም ለውጥ በገባበት አካባቢ ጎልቶ ይታያል። በእኛ ገጠር ተመራማሪዎቹ ዌርና ናይት ያገኙት ውጤት ይበልጥ ይማርከኛል፦ ማዳበሪያ ቀድመው የሚሞክሩት የተማሩት ናቸው፣ ጎረቤት ደግሞ ከእነሱ አይቶ ይከተላል። ስለዚህ የአንዱ ልጅ ትምህርት ፍሬ አጥር ተሻግሮ የጎረቤት ማሣ ይደርሳል። ወላጅ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ከብት ሲያስጠብቅ ይህን ትርፍ በሒሳቡ አያስገባውም፤ መንግሥት ግን ሊያስገባው ይገባል።

ስለ ምክር አገልግሎት ያለው ማስረጃም ጠንካራ ነው። ተመራማሪዎቹ ስቴፋን ዴርኮን፣ ታሰው ወልደሃናና ባልደረቦቻቸው 15 የኢትዮጵያ መንደሮችን ከ1986 እስከ 1996 ዓ.ም. ተከታትለው፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢያንስ አንዴ የጎበኛቸው ቤተሰቦች የፍጆታ ዕድገታቸው በ7.1 የመቶኛ ነጥብ እንደጨመረ፣ በድህነት የመገኘት ዕድላቸውም በ9.8 የመቶኛ ነጥብ እንደቀነሰ አሳይተዋል።

ይህን ምክር እንዲሰጡ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ታስበው ነበር፤ ከ1995 ዓ.ም. በኋላም ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። ችግሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በማዳበሪያ ብድር ማስመለስና በስብሰባ ቅስቀሳ መጠመዱ ነው። ዕዳ የሚጠይቅን ሰው ገበሬው እንደ አማካሪ ሊያምነው ይከብደዋል። ብድር ማስመለሱ ለአበዳሪው ተቋም ይተው።

ጤና ጽሕፈት ቤቱና ግብርና ጽሕፈት ቤቱም ዕቅዳቸውን ለየብቻ ባያወጡ መልካም ነው። በቆላማ ወረዳዎች አጎበሩ፣ የወባ መመርመሪያውና መድኃኒቱ እንደ ምርጥ ዘር ሁሉ የመድረሻ ቀን ሊቆረጥላቸው ይገባል፤ ያም ቀን ከነሐሴ መጨረሻ ማለፍ የለበትም። ሠራተኛውን የሚያስመጣው የሰሊጥ ባለሀብትም የማደሪያውንና የምርመራውን ወጪ ይጋራ።