ሐኪምን በኡርዱ ያስተማረ ዩኒቨርሲቲ

በእንግሊዝ ዘመን ሕንድ ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። ካልካታም፣ ቦምቤይም፣ ማድራስም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በዚሁ ነው። ከዚህ ያፈነገጠው የሃይደራባዱ ኦስማኒያ ነው። የሃይደራባድ ግዛት ገዢ፣ ኒዛም ሚር ኦስማን አሊ ካን፣ በ1917 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ታሪኩም፣ ሕጉም፣ ኬሚስትሪውም በኡርዱ እንዲሰጥ አዘዙ። ዩኒቨርሲቲው በማግስቱ ዓመት ተቋቋመ። እንግሊዝኛም ቢሆን አልተባረረም፤ ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የግዴታ ትምህርት ሆነ። ፊዚክስና ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ ተምረን ላደግን ለእኛ የውሳኔው ክብደት አይጠፋንም።

ችግሩ መጽሐፍ ነበር። ኡርዱ በግጥም የታወቀ ቋንቋ ነው፤ በካልኩለስ ግን ብዙም አልተፈተነም። ስለዚህ ተማሪ ከመግባቱ በፊት የትርጉም ቢሮ ተከፈተ። መጀመሪያ የመሩት አብዱል ሐቅ ናቸው፤ ኋላ ላይ «የኡርዱ አባት» የተባሉት። የቋንቋ አዋቂዎችና የየሙያው ምሁራን በኮሚቴ ተቀምጠው በየቃሉ ይከራከሩ ጀመር። ቴርሞሜትር ምን ይባል? ከዓረብኛ ወስዶ «ሚቅያሱል ሐራራት» ማለት ይቻላል፤ ከፋርስኛ አዋቅሮ «ተፒሽ ፔማ» ማለትም ይቻላል። ከቢሮው ሰዎች አንዱ ዋሂዱዲን ሳሊም ስለ ቃል አመሠራረት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፉ። ኡርዱ ሴማዊ አይደለም፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር ከዓረብኛ ሥር ማውጣት አይበጀውም ባይ ነበሩ። ክርክራቸው ለእኔ አሁንም አሳማኝ ነው፤ ተማሪው እንደ ዳዊት የሚደግመው ቃል ሳይንሱን አያቀርብለትም።

ያም ሆነ ይህ ሥራው ተሠራ። በመቶ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተተረጎሙ፤ የሕክምና ተማሪዎች ሳይቀሩ የሰውን አካል በኡርዱ ተማሩ። በ1939 ደግሞ ወደ ሮዝ በሚያደላ ግራናይት የታነፀው የአርት ኮሌጅ ተመረቀ፤ ዛሬም ከከተማዋ መለያዎች አንዱ ነው።

የማይታለፍ ነገር ግን አለ። ኡርዱ የቤተ መንግሥቱና የቢሮው ቋንቋ እንጂ የብዙኃኑ አልነበረም። አብዛኛው የግዛቱ ሕዝብ ቴሉጉ፣ ማራቲ ወይም ካንናዳ ተናጋሪ ነበር። ለቴሉጉ ገበሬ ልጅ ኡርዱም እንደ እንግሊዝኛው ሁሉ የሰው ቋንቋ ነበር። «በአገር ቋንቋ መማር» ሲባል የማን አገር፣ የማን ቋንቋ ተብሎ መጠየቁ አልቀረም። በ1948 የሕንድ ጦር ገብቶ የኒዛሙ አገዛዝ ሲያበቃ ዩኒቨርሲቲው ወደ እንግሊዝኛ ዞረ።

ዛሬ በኦስማኒያ ኡርዱ አንድ የትምህርት ክፍል ነው። በከተማዋ ግን ቋንቋው የሚያስገርም ቅርስ አለው፤ ሃይደራባድን በ1591 የቆረቆሩት ሡልጣን ሙሐመድ ቁሊ ቁጡብ ሻህ ራሳቸው የኡርዱ የደቡብ ቅርንጫፍ በሆነው በደካኒ የሚገጥሙ ባለቅኔ ነበሩ። ፊዚክስን ወይም ኮምፒውተርን በኡርዱ መማር የሚሻ ደግሞ እዚያው ከተማ ወዳለው፣ በ1998 ወደተቋቋመው የማውላና አዛድ ብሔራዊ ኡርዱ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። መግቢያው ኡርዱን አስቀድሞ ማወቅ ነው። እዚያም የትርጉም ክፍል ተከፍቶ የመማሪያ መጻሕፍት ወደ ኡርዱ እየተመለሱ ነው።