ቀይ የደም ሕዋስ መስሎ የሚጓዝ መድኃኒት

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን የተከፈለች ከተማ ናት። በኬንያ በኩል ባለችው ኦዳም ሆነ ከወሰኑ ወዲህ ያደገ ተማሪ የኬላን ነገር ያውቃል፤ ጠባቂው የሚያውቀውን ያሳልፋል፣ ባዕዱን ያስቆማል። የሰውነታችን መከላከያ ሕዋሳትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ይህ ከካንሰር ሕክምና ጋር ምን እንደሚያገናኘው ቀጥለን እንመለከታለን።

ካንሰር የሚባለው ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲራቡ የሚመጣ በሽታ ነው። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ቶሎ ቶሎ የሚራባን ሕዋስ ይገድላሉ። ነገር ግን የጠጉር ሥር፣ የመቅኔና የአንጀት ሕዋሳትም ቶሎ ስለሚራቡ አብረው ይጎዳሉ። የበሽተኛው ጠጉር የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን በፖሊመር ቅንጣት ውስጥ መክተትን አሰቡ። ፖሊመር ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት አንዱ ከላክቲክ አሲድና ከግላይኮሊክ አሲድ የተሠራ ነው። ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው ነው። ሰንሰለቱን በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ሲበጥሰው መድኃኒቱ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። የአንዱ ቅንጣት ስፋት 100 ናኖሜትር ያህል ቢሆን፣ 70 ያህሉ ተደርድረው የአንድ ቀይ የደም ሕዋስን ስፋት ያክላሉ።

ይሁን እንጂ ቅንጣቱ ባዕድ ስለሆነ በጉበትና በጣፊያ ያሉት ጠባቂ ሕዋሳት ይውጡታል። ቀይ የደም ሕዋስ ግን 120 ቀን ያህል ሳይነካ ይዘዋወራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንዲያጎ፣ ተመራማሪዎች የቀይ ደም ሕዋስን ውስጡን አውጥተው ሽፋኑን ለፖሊመር ቅንጣት አለበሱት። ቅንጣቶቹ በአይጦች ደም ውስጥ ከ3 ቀን በኋላም ተገኙ። በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ ቅንጣት፣ የዕጢ ደም ሥሮች ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ስለሚበዛባቸው፣ ሾልኮ ወደ ዕጢው የመግባት ዕድል ያገኛል።

ሆኖም በአይጥ የተሳካ ሁሉ በሰው አይሳካም፤ የሰው ዕጢም ከዕጢ ይለያያል። በአገራችን በሴቶች ላይ ይበልጥ የሚታዩት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ሲሆኑ፣ ብዙ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። የዘገየን በሽተኛ የትኛውም ረቂቅ ቅንጣት በቀላሉ አይመልሰውም። እንግዲህ መምህራን ይህን ትምህርት ስናስተምር፣ የማያምም እብጠትም ቢሆን ችላ መባል እንደሌለበት ተማሪዎቻችን ለእናቶቻቸው እንዲነግሩ አደራ እንበላቸው።