ባረጀ ላፕቶፕ ላይ የሚቆም ድረ ገጽ

ከወልድያ ተነስቶ ቆቦን አልፎ ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው በራያ ሜዳ ላይ ዋጃን ያገኛል። በእንዲህ ያለች ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ማስታወቂያውንና የመምህራኑን ማስታወሻ ተማሪው በስልኩ እንዲያነብለት ቢፈልግ፣ የግድ ውጭ አገር ሰርቨር መከራየት የለበትም። ኢንተርኔት ቢቋረጥም በግቢው ዋይፋይ የሚከፈት፣ የዳታ ብር የማይበላ ድረ ገጽ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ማቆም ይቻላል። ዴስክቶፕ አላልኩም። ላፕቶፕ ባትሪው ካልሞተ በቀር መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥራውን አያቋርጥም፤ የድረ ገጹ ጽሑፍ የሚከማችበት ዳታቤዝ ደግሞ እየጻፈ ሳለ ቢቋረጥ ሊበላሽ ይችላል።

ለእንዲህ ያለው ማሽን ዊንዶውስ ይከብደዋል። አልፓይን የሚባለው ሊኑክስ በትእዛዝ ብቻ ስለሚሠራ ዲስክ ላይ ሲጫን ወደ 130 ሜጋባይት ነው የሚይዘው። ከፍላሽ ይጫናል፤ የይለፍ ቃልና የሰዓት ቀጠና የመሳሰሉትን ጠይቆ ይጨርሳል። ለጭነቱ ብቻ የስልክ ዳታ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ገጹን ለጠያቂው የሚያቀብለው ኤንጂንኤክስ፣ ዎርድፕረስ የተጻፈበት ፒኤችፒ እና ዳታቤዙ ማለትም የጽሑፉ ሁሉ ጎተራ የሆነው ማሪያዲቢ ይገባሉ። በመጨረሻም ዎርድፕረስ ራሱ፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚገኝ፣ ኮድ የማያውቅ መምህር ጽሑፍ የሚለጥፍበት ሶፍትዌር ነው።

ጀማሪውን የሚያደክመው ፒኤችፒ ነው። አልፓይን ቀላል የሆነው ሁሉንም ነገር በጥቃቅኑ ከፋፍሎ ስለሚያቀርብ ነው፤ ፒኤችፒን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ቅጥያ ለብቻው ካልተጫነ ዎርድፕረስ አልነሳም ይላል። ፒኤችፒ የሚገኘውም ኮሚዩኒቲ በሚባለው ማከማቻ ስለሆነ እሱን አስቀድሞ መክፈት ይገባል። ሌላው ወጥመድ አድራሻ ነው። ዎርድፕረስ በተጫነበት ጊዜ የነበረውን አድራሻ ዳታቤዙ ውስጥ ይመዘግባል፤ የዋይፋዩ ራውተር ነገ ለላፕቶፑ ሌላ የአድራሻ ቁጥር ቢሰጠው ገጹ ይፈርሳል። ስለዚህ ከጭነቱ በፊት ለላፕቶፑ የማይለወጥ ቁጥር ራውተሩ ላይ መመደብ ነው።

አማርኛውስ? የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ጽሑፉ ያለ ችግር ይነበባል። ችግሩ የገጹ አድራሻ ላይ ነው። ዎርድፕረስ አድራሻውን የሚሠራው ከርእሱ ነው፤ እዚያ ላይ አንዱ የግእዝ ፊደል ወደ 9 ምልክቶች ይመነዘራል። የአድራሻው ጣሪያ 200 ምልክት ስለሆነ ከርእሱ የሚወጣው አድራሻ 22 ፊደል ገደማ ላይ ይቆረጣል። አጭር የላቲን አድራሻ በእጅ መጻፍ ይሻላል፤ ለእኛ ፊደል ይህ ያሳዝናል፣ ግን ተማሪው በስልኩ ሲጽፈው ይቀለዋል።

ድረ ገጹ ከቆመ በኋላ የዳታቤዙንና የፎቶዎቹን ቅጂ በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ እያወጣችሁ ከላፕቶፑ ርቆ ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ።