ልጆቻችን የሚሄዱበት ኮንሰርት

እ.ኤ.አ. ቅዳሜ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2022 ማታ በኢንግልውድ ከተማ የሚገኘው ሶፋይ ስታዲየም በሕዝብ ጢም ብሎ ነበር። ዓለም «ዘ ዊክንድ» እያለ የሚጠራው ድምጻዊ አቤል ተስፋዬ አራተኛውን ዘፈን በማዜም ላይ እንዳለ ድምፁ ከዳውና ከመድረክ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ብቅ ሲል ሙዚቃው ቆሞ ነበር። ድምፁ እንደጠፋ፣ ሕዝቡ የመጣበትን ዝግጅት እንደሚገባው ማቅረብ እንደማይችልና የትኬቱ ገንዘብ እንደሚመለስ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ወራት ቀን ሲቆጥር፣ ከደመወዙ ሲቆጥብ የሰነበተ አድናቂ እያዘነ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ይህ ስታዲየም በፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ከምትገኘው ትንሿ ኢትዮጵያ በስተደቡብ ከአሥር ማይል የማይበልጥ መንገድ ነው። ለብዙ ወላጅ ግን ከዚያ የበለጠ ይርቃል። ልጅ «ኮንሰርት ልሄድ ነው» ሲል ወላጅ ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው «ከማን ጋር? በስንት ሰዓት ትመለሳለህ?» ብሎ ነው። «ማንን ልትሰማ ነው?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሳም። ቢነሳ ኖሮ መልሱ ወላጅን ያስገርም ነበር።

አቤል እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳ ቶሮንቶ ከኢትዮጵያዊያን ወላጆች ተወለደ። እናቱ ለሥራ ሲወጡ ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ አፉን የፈታውም በአማርኛ ነው። በልጅነቱ በቤታቸው ትልልቆቹ ቡና እየጠጡ፣ ፈንዲሻ እየቆረጠሙ አስቴር አወቀንና ሙላቱ አስታጥቄን ያዳምጡ እንደነበር እርሱ ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ዘ ሂልስ» በተሰኘው ዘፈኑ መጨረሻ ላይ በአማርኛ የምትናገር ሴት ድምፅ ይሰማል። በ2016 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት እንዲሰጥ 50 ሺህ ዶላር ረድቷል። በ2021 ደግሞ በኢትዮጵያ ለተቸገሩ ወገኖች የምግብ እርዳታ የሚውል 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዘፈኖቹ መካከል ወላጅ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ለመስማት የሚያፍርባቸው አሉ። ስለ አደንዛዥ ዕፅም ስለ ወሲብም በግልጽ ይዘፍናል። ይህን ሳያውቁ መፍቀድም ሆነ ይህን ብቻ ሰምቶ መከልከል አይጠቅምም። አዳምጦ መነጋገር ይሻላል።

ቡናው ላይ ይሰሙ የነበሩት ሁለቱ አርቲስቶች ታሪክም ከዚህ አገር የራቀ አይደለም። በጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ መጥታ ስሟ በዓለም ከመታወቁ በፊት በዋሽንግተን አካባቢ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ትዘፍን ነበር። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በእንግሊዝ አገርና በቦስተኑ በርክሊ ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዮርክ ያሳተሟቸውን ሁለት ሸክላዎች «አፍሮ ላቲን ሶል» ብለው ሰየሟቸው። ስለዚህ «ሶል» የሚለው ቃል በአንድ ኢትዮጵያዊ ሸክላ ሽፋን ላይ የተጻፈው የዛሬዎቹ ወጣቶች ከመወለዳቸው ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

የሙላቱን ሙዚቃ ከአቧራው ካወጡት መካከል የሂፕ ሆፕ ሰዎች ይገኙበታል። የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ አሮጌ ሸክላ ፈልጎ ያገኛል፤ ከውስጡ ጥቂት ሰከንድ የምትሆን ዜማ ቆርጦ እየደጋገመ ያዞራታል፤ በላዩ ላይ ከበሮና ግጥም ይጨምርበታል። ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት «አዝ ዊ ኢንተር» የተሠራው በሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ይህን ዘፈን በመኪናው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያዳምጥ ወጣት ሳያውቀው የአባቱን ዘመን ሙዚቃ እየሰማ ነው።

በሎስ አንጀለስ ይህ ግንኙነት በመድረክ ጭምር ታይቷል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2009 ሙላቱ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ላክማን አዳራሽ «ታይምለስ» በተባለው ተከታታይ ዝግጅት ላይ ተጫወቱ። በዚያው ወር፣ በዚያው ተከታታይ ዝግጅት፣ በ2006 በዚህችው ከተማ ያረፈው ዝነኛው የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ ጄ ዲላ ሥራዎቹ በትልቅ ኦርኬስትራ ቀርበውለታል። አዘጋጆቹ ሁለቱን በአንድ ረድፍ ማስቀመጣቸው ሙላቱ በሂፕ ሆፕ ሰዎች ዘንድ ያላቸውን ክብር ያሳያል።

እንዲህ ከሆነ ወላጅ ከልጁ ጋር አንድ ምሽት ቢሄድስ? የሐበሻን ኮንሰርት ለለመደ ሰው ሥርዓቱ ለየት ይላል። የእኛ ዝግጅት ፖስተሩ በምግብ ቤት መስኮት ላይ ይለጠፋል፤ ትኬቱ እዚያው ይሸጣል፤ ድምጻዊው ከእኩለ ሌሊት በፊት ባይወጣም የሚከፋው የለም፤ ደስ ያለው ሰው መድረክ ወጥቶ ግንባሩ ላይ ዶላር ይለጥፍለታል። በስታዲየም ግን ትኬቱ በስልክ የሚያዝ ነው። ስልኩ ባትሪ ከጨረሰ ችግር ነውና ሞልቶ መሄድ ያስፈልጋል። ትኬት በመንገድ ላይ ከማይታወቅ ሰው አይገዛም። ትልቅ የእጅ ቦርሳ በር ላይ ስለሚያስመልስ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቦርሳ ወይም በጣም ትንሽ ቦርሳ መያዝ ይበጃል። የመኪና ማቆሚያው ዋጋ ስለሚከብድ አስቀድሞ መክፈል ወይም ተሰብስቦ በአንድ መኪና መሄድ ያዋጣል። በመጀመሪያ ሌሎች ድምጻውያን መድረኩን ያሟሙቃሉ፤ ዋናው ሲወጣ ሕዝቡ ብድግ ይልና እስከ መጨረሻው አይቀመጥም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን አስቦ ወንበሩን ይምረጥ። ድምፁ ኃይለኛ ስለሆነ የጆሮ መድፈኛ መያዝ ነውር አይደለም።

ያቺ ያልተሳካች ቅዳሜ ግን በዚያ አላበቃችም። አቤል እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 እና 27 ቀን 2022 ወደዚያው ስታዲየም ተመልሶ ሁለት ምሽት ዘፈነ። ለአድናቂ ቃል መጠበቅ ማለት ይህ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የኢትዮጵያ ወላጅ ያውቀዋል፣ ያከብረዋልም።

እንግዲህ የሚቀጥለው ኮንሰርት እስኪመጣ በየቤቱ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። እሑድ ቡና ሲፈላ ልጆች የሚወዱትን ሦስት ዘፈን ያሰሙ፤ ወላጆችም የአስቴርንና የሙላቱን ሦስት ዘፈን ያሰሙ። በሁለቱ መካከል የሚመሳሰለውን ዜማ ማን ቀድሞ እንደሚያገኘው ይታያል። ፈንዲሻው እንዳይረሳ።